የአባታችን ጀልባ እንዳትደርቅ

ይድረስ ለምናፍቅህ ለታላቅ ወንድሜ ለኒኮላው፤

ለጤናህ እንደምን አለህ? ደረትህስ? መጨረሻ የመጣህ ጊዜ ከማዕድኑ ጉድጓድ ይዘኸው የመጣኸው ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያጣድፍሃል? እዚያ ያለው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል ይላሉ፤ የምትደርበው አለህ? የምትበላውንስ ማን ይሠራልሃል? ሚስት አግብቷል፣ ልጅም ወልዷል ሲሉ ሰምተናል። እውነት ከሆነ እሷም ሕፃኑም ደህና ይሁኑልን፤ ሐሰት ከሆነም አንተ ብቻህን ደህና ሁንልን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን ብዬ መቀጠል ነበረብኝ፤ ደብዳቤ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። እጄ ግን እንቢ አለኝ።

ስልክህ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጠራም። ይህን ወረቀት የምታደርስልህ ኢሳልቲና ናት፤ ከደቡብ አፍሪካ ብርድ ልብስና ሳሙና እያመጣች የምትቸረችረው፣ የእማማ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛ። ባለፈው ወር ሩስተንበርግ ገበያ ውስጥ እንዳየችህ፣ በስምህም እንደጠራችህ፣ አንተ ግን ሰው መሀል ገብተህ እንደጠፋህባት ነገረችን። እማማ «ሌላ ሰው ነው የሚሆነው» አለች። ኢሳልቲና ተነስታ አካሄድህን አሳየችን፤ ያንን ግራ ትከሻህን ጣል አድርገህ የምትሄደውን። ሁላችንም ሳቅን፤ ከዚያ እማማ ወደ ጓዳ ገባች። ባዶ እጅህን መመለስ አፍረህ ይሆናል። ከማዕድን ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው እዚህ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ አንተም ድሮ ከሚያሾፉት አንዱ ነበርክ። ይሁን፣ ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚያ አይደለም።

ወንድሜ፣ ቆመህ ከሆነ ተቀመጥ። ሥራ ቦታ ከሆንክ አጥፈህ ኪስህ ክተተውና ቤትህ ገብተህ ቀጥል። አባባ የሉም። ኦገስት ሃያ ሦስት፣ ሐሙስ ቀን፣ ባሕር ወሰዳቸው። በማግስቱ አገኘናቸው፤ ከአያታችን ጎን፣ ከካሹ ዛፉ ሥር ቀበርናቸው። ያንን ጆሮው የተሰበረ የሻይ ኩባያቸውንና ሳህናቸውን መቃብራቸው ላይ አስቀምጠናል። ሕዝቡ ብዙ ነበር። ጀልባ ያለው ሁሉ ያን ቀን ሸራውን ጠቅልሎ ነው የመጣው፤ የሆቴል እንግዶች ባዶ ባሕር ሲያዩ ዋሉ።

ሰው የሚለው አርጅተው ነበር፣ የውሃው ጉልበት በረታባቸው ነው። እኔም ለፖሊሱ፣ ለፓስተሩ፣ ለእማማም የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። ላንተ ግን እንደሆነው አድርጌ እነግርሃለሁ፤ ነገሩን የጀመርነው አንተና እኔ ነንና።

ያንን የገና ሰሞን አስታውስ። እራት ላይ አባባ ጨው ለማንሳት እጃቸውን ሰደው ጠረጴዛውን ሲዳብሱ አየሃቸው። በማግስቱ እንግዶች ይዛችሁ ማጋሩኬ ደሴት ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ ከማገዶው ክምር ጀርባ ጠራኸኝና «ሚና፣ አባባ የውሃውን ቀለም አይለዩም» አልከኝ። ይህ የኛ ባሕር ሲጎድል ግማሹ መሬት ይሆናል፤ ሴቶች ዛጎል እየለቀሙ በሚሄዱበት አሸዋ መሀል ቦዩ ብቻ ነው ጀልባ የሚያሳልፈው። ቦዩ ሰማያዊ ነው፣ አሸዋው የነጣ ነው፤ ሌላ ምልክት የለም። ያንን ያላየ ሰው መሪ መጨበጥ የለበትም። ግን ለአባባ፣ ለካፒቴን ቲቶስ ማን ይንገራቸው? የባሕር ዳርቻው ሰው ሁሉ ቦዩን የተማረው ከሳቸው ነው። መሪውን ቢቀሟቸው በዚያው ሳምንት ይሞቱ ነበር፤ አንተም እኔም ያልነው ይህንን ነው።

መላውን ያመጣኸው አንተ ነህ። እኔ ወጥ ሰሪ ሆኜ ጀልባዋ ላይ እንድወጣ፣ ከፊት በኩል ከሰል የሚነድበት የአሸዋ ሣጥን አጠገብ ቁጭ ብዬ ሸርጣኔን እየቀቀልኩ ውሃውን እንዳይ። ነጩ አሸዋ በግራ ከመጣ ሴቶች የካሳቫ ቅጠል ሲወቅጡ የሚዘፍኑትን ዘፈን፣ በቀኝ ከመጣ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር። ውሃው ጥልቅ ከሆነ ዝም። አንተ ይህን አስተምረኸኝ ሄድክ።

ለአባባ አንድም ቀን አልነገርኳቸውም። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ጀልባዋን አስረን ስንወርድ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው «ሚና፣ ዛሬ መዝሙሩን ትንሽ ዘገየሽበት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገርንበትም። እኔ እዘፍናለሁ፣ እሳቸው ጆሯቸውን ወደኔ ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፣ ጀልባዋ ትታጠፋለች።

ደግሞ ብታይ እንግዶቹ እንዴት እንደወደዱት። ያጨበጭባሉ፣ በስልክ ይቀርጹኛል። ሆቴሎቹ «የምትዘፍነው ወጥ ሰሪ ያለችበት ጀልባ» እያሉ ሰው ይልኩልን ጀመር። አንድ ቀን ባሕሩ በጣም ጎድሎ፣ ነጩ አሸዋ ከቀኝ አልለቅ ብሎን መዝሙሩን አሥራ አንድ ጊዜ ደገምኩት፤ አንዲት ሴትዮ ወርዳ ስትሄድ እጄን ይዛ እንዳንቺ ያለ መንፈሳዊ ሰው አይቼ አላውቅም አለችኝ። አባባ ይህን ሲሰሙ ሸራው ውስጥ ፊታቸውን ደብቀው ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ ያየኋቸው ጊዜ ጥቂት ነው። ደስተኛ ነበሩ፣ ኒኮላው። ይህንን እንድታውቅ እፈልጋለሁ፤ አምስት ዓመት ደስተኛ ነበሩ።

ያ ሐሙስ እንዲህ ነበር። አራት እንግዶች ነበሩን፣ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ክፉ ስም አልሰጣቸውም። ጠዋት ወደ ኮራል ዓለቱ ወሰድናቸው፤ የመጥለቂያ መነጽራቸውን አጥልቀው ከዓሣው ጋር ሲዋኙ ዋሉና ራበን ብለው ወጡ። ከሰዓት የሚሄዱበት አውቶቡስ ስለነበረ መልሱን አሉን። የደቡብ ነፋስ ተነስቶ ነበር፣ ባሕሩም እየጎደለ ነበር። ከመካከላቸው አንደኛው ውሃ የማይገባው ስፒከር ይዞ ነበርና ሙዚቃውን ከፈተ። እንደኛው እንግዳ የሚያመላልሰው ቦአቪዳም በጀልባው አሥር ሰው ጭኖ ከአጠገባችን ይመለስ ነበር፤ ድንጋይ ብትወረውር ይደርሳል።

ነጩን አሸዋ በቀኝ በኩል አየሁት። መዝሙሬን ጀመርኩ። ከእንግዶቹ አንዷ ልጅ ፈገግ ብላ እጇን አወዛወዘችልኝ፤ ይህ ሙዚቃ ይለቅና ያንቺን እንሰማለን ማለቷ ነበር። ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሙዚቃው ዋጠው። ወደ ኋላ ዞሬ አባባን አየኋቸው፤ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይፈልጉኛል። ድምፄ ካልተሰማቸው ውሃው ጥልቅ ነው ማለት ነውና መሪውን እንደያዙ ቀጠሉ።

ስፒከሩን ዝጉት ማለት እችል ነበር። «አባባ፣ ወደ ግራ» ብዬ መጮህ እችል ነበር። ሁለት ቃል ነው። ግን ቦአቪዳ እዚያ አለ፤ እንግዶቹም አሉ። ወጥ ሰሪ ልጃቸው ካፒቴን ቲቶስን መንገድ አሳየቻቸው ቢባል፣ ገና ሸራ ሳይወርድ ወሬው ዳርቻውን ያዳርሰዋል። ከዚያ ሰው ዓይናቸውን ማየት ይጀምራል። እናም ዝም አልኩ። አሸዋው እስኪነካን ድረስ እያየሁ ዝም አልኩ። የአባቴን ስም ላድን ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ጀልባዋ ሆዷን አሸዋ ላይ አሳርፋ ቆመች። መጀመሪያ ሳቁ። አባባ ባሕሩ እስኪመለስ አምስት ሰዓት እንጠብቃለን ሲሉ እኔ አስተረጎምኩ፤ አውቶቡሳቸው ትዝ ሲላቸው ሳቁ ቀረ። ቦአቪዳ ከቦዩ ውስጥ ሆኖ ገመድ ልወርውር ወይ ብሎ ተጣራ፤ አባባ በእጃቸው ሂድ አሉት። ወፍራሙ ሰውዬ፣ ስፒከሩ የሱ ነው፣ ሽማግሌው በገዛ ግቢያቸው ጠፉ ብሎ ቀለደ። አባባ ቋንቋውን አያውቁም። የቀልድ ድምፅ ግን በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው።

መልህቁን አነሱ። ይህን ብዙ ጊዜ ሠርተነዋል፤ አንተም ሠርተኸዋል፤ መልህቁን ተሸክሞ ሄዶ ቦዩ አፋፍ ላይ ተክሎ ሁሉም ገመዱን ሲስብ ውሃው ጨርሶ ሳይሸሽ ጀልባዋ ትንሸራተታለች። አንድ ሰው ይላኩ እንዳልላቸው የሚላክ ሰው የለንም፤ ያለሁት እኔ ነኝ፣ እኔም እሄዳለሁ ስላቸው እሳቱን ጠብቂ አሉኝ። በኔ በኩል አልፈው ሲወርዱ ቆም አሉ። ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብለው እንዲህ አሉኝ፤

«ሚና፣ ዛሬ ለምን ዝም አልሽኝ?»

ሸርጣኑን አማሰልኩ። ኒኮላው፣ ወንድሜ፣ ለአባቴ የመጨረሻ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፤ ሸርጣን አማሰልኩ።

ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ነበር። መልህቁን በትከሻቸው ይዘው፣ ገመዱን በክንዳቸው ጠቅልለው በነጩ ላይ ሄዱ። አፋፉን እኔ አየዋለሁ፤ ሰማያዊው እፊታቸው ነው፣ ሦስት እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ። ያኔ ስፒከሩ ተዘግቷል። ያኔ ጮህኩ። ሰሙኝ፤ ወደኔ ዞሩ። ሲዞሩ አሸዋው ከሥራቸው ተናደ፤ መልህቁም ገመዱም እሳቸውም አብረው ገቡ።

ወፍራሙ ሰውዬ ከሁሉም ቀድሞ ዘሎ ገባ። ጠለቀ፣ ወጣ፣ ጠለቀ፤ አፍንጫው እስኪደማ። ጩኸታችንን ሰምቶ የተመለሰው ቦአቪዳና ሌላው እንግዳ ጎትተው አወጡት። ሻሼ ውስጥ ፊቱን ቀብሮ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ቀብሩ እስኪያልቅም ትቶን አልሄደም። ገመዱ ተቆርጦ ነው የተገኘው። ዓርብ ጠዋት ቦአቪዳ ራሱ ከደሴቱ በዚህ በኩል አገኛቸውና በሸራው ጠቅልሎ አመጣልን።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልዘፈንኩም። ቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ ሲጀመር ተነስቼ እወጣለሁ። እማማ ሐዘኑ ነው ትላለች። ልንገራት አስብና ምን ብዬ እንደምጀምር ይጠፋብኛል፤ ምክንያቱም የአባባን ዓይን ካላነሳሁ የኔን ጥፋት መናገር አልችልም፣ ዓይናቸውን ካነሳሁ ደግሞ የሞቱለትን ነገር መልሼ ወሰድኩባቸው ማለት ነው። ጭነቱ ከአንተ ጋር ካልሆነ ከማንም ጋር አይካፈልም።

አሁን ስለ ጀልባዋ ልንገርህ። ካፒቴኑ የሞተባት ጀልባ የበኩር ልጅ እጁን ሳያሳርፍባት፣ የአባቱን ስም ጠርቶ የዘንባባ ጠጅ ሳያፈስላት ውሃ እንደማትነካ ታውቃለህ። ስለዚህ ቤታችን ፊት ለፊት፣ ከኮኮናት ዛፎቹ በታች፣ ደረቅ አሸዋ ላይ ጎትተን አቆምናት። ሦስት ወር ሆናት። የዘንድሮ ፀሐይ ደግሞ ቆዳ ይልጣል። በመጀመሪያው ወር ማለቂያ ላይ ጠዋት ተነስቼ ባያት በሳንቃዎቿ መሀል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አየሁ፤ አባባ በመዶሻ የጠቀጠቁት ጥጥ ተንጠልጥሏል። እንደዚያው ብትቆይ ዳግመኛ ባሕር አትይዝም።

አጎታችን ጄሬሚያስ ዘንድ ሄጄ በባልዲ የባሕር ውሃ ባፈስባት ክልክል ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ብዙ አሰቡ። በመጨረሻ፣ ባሕሩን ወደ ጀልባዋ መውሰድና ጀልባዋን ወደ ባሕሩ መውሰድ አንድ አይደለም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ሃያ ባልዲ አመላልሳለሁ። ባሕሩ የጎደለ ቀን ውሃው ሩቅ ነው፤ ትከሻዬ ይላጣል። እንጨቱ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል፣ በነጋታው ፀሐይ መልሶ ይከፍተዋል። ቦአቪዳ ከጓደኞቹ ጋር ቁጭ ብሎ «ሚና፣ ጀልባ ዘርተሽ ነው እንዴ የምታጠጪው? መቼ ነው የሚበቅለው?» ይለኝ ነበር። አንድ ማለዳ ግን የራሱን ባልዲ ይዞ መጣ። ሃያውን ጨርሰን ተለያየን።

እንዲህ እያልኩ መቀጠል እችል ነበር፤ ሌላ ነገር መጣ እንጂ። ከኛ ወደ ሰሜን አዲስ የተሠራው ሆቴል ሰው ልኮ ጀልባዋን ካልሸጣችሁልኝ ብሏል። ሊነዱባት አይደለም። ለሁለት ቆርጠው አንዱን ግማሽ በአፍንጫው አቁመው የመጠጥ መደርደሪያ ሊያደርጉት ነው፤ ለገና የሚመጡት እንግዶች ሳይደርሱ ይፈልጉታል። አጎት ጄሬሚያስ አልተቆጡም። የበኩር ልጅ የሌላት ጀልባ ማገዶ ከምትሆን ይሻላል፣ እናታችሁም ትበላበታለች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልፈርድባቸውም። እማማ ግን ጀልባዋ ላይ የተጻፈውን የራሷን ስም በጣቷ እያሳየች «አዴሊና ብለው ሰይመዋት፣ አሁን ደረቴ ላይ ጠርሙስ ሊደረድሩ ነው?» አለች። የሆቴሉ ሰዎች እስከ ዲሴምበር አሥር ጊዜ ሰጥተውናል።

ስለዚህ ና። ባዶ እጅህን ና። የሚያሾፍብህ ካለ እኔ አለሁልህ፤ አፌን ታውቀዋለህ። ሚስትህንም ይዘሃት ና፣ እንደ ባዕድ አናያትም። አንድ ቀን ብቻ ቆመህ እጅህን አሳርፈህባት፣ ጠጁን አፍስሰህ፣ በዚያው ቀን አውቶቡስ ብትሳፈር አንይዝህም።

መምጣት ካልቻልክ ደግሞ አጎት ጄሬሚያስን አንድ ነገር ጠይቄያቸዋለሁ። የሩቅ ሰው ቢሆንስ፣ እግሩ ቢታሰርስ አልኳቸው። «የለበሰው ሸሚዝ ይምጣ» አሉኝ፤ «ላቡ ያለበት ልብስ እሱ ራሱ ነው። ከአባትሽ ጋር ባሕር የሠራ ሰው ይልበሰውና እጁን ያሳርፍ።» ከአባባ ጋር ባሕር የሠራው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። ስሜን ግን አልጠሩም፤ ወደ ኮኮናት ዛፎቹ ነበር የሚያዩት። ሴት እጅ አሳርፋ አታውቅም። እኔም አልከለክልም ማለታቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ግን ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ሸሚዝህን ከመጠየቄ በፊት ማን እንደሚለብሰው እንድታውቅ ነው። ያ ሐሙስ ዝም ያለችው እኔ ነኝ። አባታችንን ገደልሻቸው የምትል ከሆነ ሸሚዝህን አትላከው፤ ጀልባዋ ትሸጥ፣ ጠርሙሱም ይደርደር፣ አልቀየምህም። መልስ መጻፍ አይጠበቅብህም፣ ምን ብለህ እንደምትጽፍም አላውቅም። ኢሳልቲና በሁለት ሳምንት ትመለሳለች። ከጭነቷ ውስጥ ሸሚዝ ካወጣችልኝ እንደማርከኝ አውቃለሁ። ለብሼው አዴሊናን ወደ ውሃ አስገባታለሁ፣ መሪውንም እኔው እይዛለሁ። ቦዩን አውቀዋለሁ፤ አምስት ዓመት ዘፍኜዋለሁ። ያን ቀን አፌን እከፍታለሁ፤ ምን እንደሚወጣ ግን አላውቅም።

እማማ በጣም በጣም ሰላም ትልሃለች፤ ይህን ደብዳቤ ምን እንደሚል አታውቅም፣ ናፍቆት ብቻ ነው ብያታለሁ። ከኢሳልቲና ጋር የካሹ ፍሬ ልካልሃለች፤ ራሷ ናት የቆላችው፣ ጣቶቿ አሁንም ጥቁር ናቸው። አጎት ጄሬሚያስ ሰላም ይሉሃል፣ ጉልበታቸው ቢያማቸውም በርትተዋል። ልጄ ግራሲንዳ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ መልክህን ረስታዋለች፣ አካሄድህን ግን ከኢሳልቲና ተምራ ግቢውን ሙሉ እየዞረች ሁላችንንም ታስቃለች። ቦአቪዳም ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ባልዲው የኔ ነው ብለሽ ጻፊለት አለኝ። ስሟን ለማላውቃት ሚስትህ፣ ካለም ለልጅህ፣ ሰላምታዬን በእጅህ ንካልኝ።

ሸሚዙን ግን እንዳታጥበው።

እህትህ ፈሊስሚና

ቪላንኩሎ፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2018